ሆስፒታል ውስጥ የሚሄድ አስቂኝና አስፈሪ ተከታታይ ድራማ፦ የመጀመሪያውን ክፍል በስልክ ለመቅረጽ ደረጃ በደረጃ

ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና እና ከሸዋ ሮቢት ወጣቶች የሚሠሯቸው የዩቲዩብ ድራማዎች ላይ አንድ ነገር ይደጋገማል። ሆስፒታል ይመረጣል። መንፈስ ይገባል። ነጭ አንሶላ ተከናንቦ ኮሪደር ላይ ይሮጣል። ሙዚቃው ይጮሃል። ማንም አይደነግጥም። ይባስ ብሎ ማንም አይስቅም።

ጥፋቱ የስልኩ አይደለም፣ የቅደም ተከተሉ ነው። ሰዉ መጀመሪያ መንፈሱን ይሠራና ከዚያ ሆስፒታል ይፈልግለታል። እናንተ ገልብጡት። መጀመሪያ ሆስፒታሉን ሥሩ፦ ወረፋውን፣ ካርድ ክፍሉን፣ ተረኛውን፣ ኮሪደር ላይ የምታድረውን አስታማሚ። ሳቁም ፍርሃቱም የሚወጣው ከዚያ ነው።

መመሪያው ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ለሚሆን አንድ ክፍል ነው። ደረጃ አትዝለሉ። በተለይ 1ን እና 4ን።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ሰው፦ ስድስት ተዋናይ፣ አንድ ቀራጭ፣ አንድ ድምፅ ያዥ። ድምፅ ያዡ ሌላ ሥራ አይሰጠው።

ዕቃ፦ ሁለት ስልክ (አንዱ ለምስል፣ አንዱ ለድምፅ)፣ ፓወር ባንክ፣ በባትሪ የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት፣ የእጅ ባትሪ፣ የአንገትጌ ማይክ፣ ሁለት ጋውን፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ አሮጌ የካርቶን ፋይሎች፣ አንድ የመንዝ ባና (ከበግ ፀጉር የተሠራው ወፍራም ልብስ)። ባናውን አትርሱ፣ ጥቅሙን ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ።

የሚታይ፦ የዴንማርኩን «ሪገት» ማግኘት ከቻላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች እዩ። እንግሊዝኛ ስሙ «ዘ ኪንግደም» ነው። ላርስ ቮን ትሪየር በ1994 እንደ ፈረንጆቹ ለዴንማርክ ቴሌቪዥን የሠራው ነው። መጀመሪያ አራት ክፍል ወጣ፣ በ1997 አራት ተጨመረ፣ በ2022 ደግሞ አምስት። ቦታው ኮፐንሃገን የሚገኘው ትልቁ ሆስፒታል ነው። በ2004 አሜሪካኖች በ13 ክፍል እንደገና ሠርተውት በአንድ ሲዝን ቆሟል። የእነሱ ውስጥ የሚናገር ጉንዳን በል እንስሳ አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የዴንማርኩን እዩ፣ እንስሳውን ተዉት።

## ደረጃ 1፦ የተደበቀውን ጥፋት ጻፉ

ስልኩን አስቀምጡ። ወረቀት አውጡ።

የዴንማርኩ ድራማ ውስጥ የምታለቅሰው የሙት መንፈስ ሜሪ የምትባል ልጅ ናት። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሐኪም ገድሏት ነገሩ ተሸፍኗል። በዚያው ሆስፒታል፣ አሁን፣ ሄልመር የሚባል ከስዊድን የመጣ ቀዶ ሐኪም አለ። የአንዲት ልጅ ጭንቅላት ላይ በሠራው ስህተት ልጅቷ ተጎድታለች። ሄልመር ቀን ከሌት የሚያሳድደው ጉዱን የሚያወጣውን የሕክምና ወረቀት ነው። አንደኛው ታሪክ ያስለቅሳል፣ ሁለተኛው ያስቃል። ሥራቸው ግን አንድ ነው፦ ጥፋት ተሠርቷል፣ ተደብቋል።

1. ይህን ዓረፍተ ነገር ሙሉ፦ «በዚህ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ጥፋት ተሠራ። እገሌ ደበቀው። ስለዚህ እገሌ እስከ ዛሬ አልሄደም።»
2. ጥፋቱ ትንሽና የሚታወቅ ይሁን። ጭፍጨፋ፣ የሰይጣን ማኅበር፣ የተቀበረ ወርቅ አያስፈልግም።
3. አሁን መንፈሱን ከታሪኩ አውጡት። የቀረው ነገር ያናድዳል? ካናደደ ታሪክ አላችሁ። ካላናደደ ወደ 1 ተመለሱ።

ለምሳሌ እንዲህ እንያዝ፦ ከሠላሳ ዓመት በፊት አንዲት እናት ከገጠር መጥተው ካርድ ክፍል ተሰለፉ። ካርዳቸው ጠፋ። «ጠብቁ» ተባሉ። አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ካርዱን የጣለው ሰው «ታካሚዋ አልመጡም» ብሎ መዘገበ። እማማ አሁንም ወረፋ ላይ ናቸው።

ሐሳብ እምቢ ካለ፦ ጡረታ የወጣች ነርስ ወይም የቆየ ዘበኛ አግኙና ሻይ ጋብዙ። «ምን ያስፈራህ ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ የሰማውን ተረት ነው የሚነግራችሁ። «ምን ያናድድህ ነበር?» በሉት። ከዚያ ጻፉ፣ ጻፉ፣ ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የነገሯችሁን የእውነተኛ ታካሚ ጉዳይ እንዳለ አትውሰዱ። በሽታውን፣ ዘመኑን፣ ዕድሜውን፣ ሰፈሩን ቀይሩ። አገሩ ትንሽ ነው፣ ቤተሰብ ያውቃል።

## ደረጃ 2፦ ሰዎቹን በሥራቸው ለዩ

ሕጉ አንድ ነው። መንፈሱን ሲያይ እያንዳንዱ ሰው ሥራው እንደሚያዘው ያድርግ። ዘበኛ ዘበኛ ነው፣ የሰዓት ጉዳይ ያነሳል። የካርድ ክፍል ሠራተኛ መታወቂያ ይጠይቃል። ሐኪም ምርመራ ያዛል። ጮሆ የሚሮጥ ሰው ከፈለጋችሁ በክፍሉ ውስጥ አንድ ብቻ ይኑር፣ እሱም መጨረሻ ላይ።

- ዘበኛው። ለእማማ ለምዷል። ፍርሃት የሚባል የለውም፣ የሰለቸው ሰው ነው።
- ዶክተሩ። ከአዲስ አበባ ገና የተመደበ። ብርዱ ሊገድለው ነው። ጋውን ላይ ጃኬት፣ ጃኬት ላይ ጋቢ። መንፈስ የለም ይላል፣ ምክንያቱም አለ ካለ መፈረም ሊኖርበት ነው።
- የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ። ካርዱን የጣለው ሰው ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ክፍል አትናገሩ።
- ሁለት አስታማሚዎች። ዴንማርኮቹ ምድር ቤት ዕቃ የሚያጥቡ ሁለት ሠራተኞች አሏቸው። ከዚያ ወጥተው አያውቁም፣ ግን ላይ የሚሆነውን ሁሉ ያውቃሉ። የእኛ አገር ሁሉን አዋቂዎች አስታማሚዎች ናቸው። ኮሪደር ላይ ፍራሽ ዘርግተው፣ ፍላስክና ሳህን ይዘው የሚያድሩት። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የትኛዋ ሲስተር ተቆጣች፣ ሁሉ እነሱ ጋ ነው። ሁለቱን አንዴም ከፍራሻቸው አታስነሱ።
- እማማ። ክፉ አይደሉም። ካርዳቸውን ነው የሚፈልጉት።

ተዋናዮቹን አደራ በሏቸው፦ አስቂኝ ነገር እየሠሩ እንደሆነ የሚያውቅ ገጸ ባሕርይ አይኑር። ዘበኛው ለካሜራ ፈገግ ካለ አበቃ።

## ደረጃ 3፦ ጽሑፉን ጨርሱ

አምስት ትዕይንት ይበቃል። እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ገደማ። የእማማ የመጀመሪያ ንግግር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

> እማማ፦ ልጄ፣ ካርዴ ወጣ?
> ዘበኛ፦ እማማ፣ ካርድ ክፍል ተዘግቷል። ጠዋት ይምጡ።
> እማማ፦ ጠዋት፣ ጠዋት ስትሉኝ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ።
> ዘበኛ፦ ታዲያ አንድ ሌሊት ምን አላት?

መንፈስ የሚለው ቃል አልተነሳም። ተመልካቹ ሦስተኛው መስመር ላይ ይነቃል፣ አራተኛው ላይ ይስቃል፣ ቆይቶ ይቀፈዋል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ቀፎት የሚስቅ ተመልካች ታገኛላችሁ፣ ግን በጣም ከባድ ነው፣ ለሁለተኛው ክፍል አቆዩት።

1. ሁሉንም ትዕይንት ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ በሰዓት ለኩ።
2. ከ12 ደቂቃ ካለፈ ቁረጡ። መጀመሪያ የሚቆረጠው ሰላምታ ነው። የእኛ ሰላምታ ከጤና ተነስቶ ከብቱ ጋ እስኪደርስ ግማሽ ትዕይንት ይበላል። አንድ ቦታ ብቻ ሙሉውን ተዉት፦ ዶክተሩ ቸኩሎ ሲሮጥ እማማ የሚያስቆሙት ጊዜ። ሐኪም ጨዋ ከሆነ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይመልሳል።
3. መንፈሱ ምን እንደሆነ የሚያብራራ ንግግር ካለ ሰርዙት።

ስለ ጠበል፦ ሰሜን ሸዋ ላይ ሆስፒታል ጽፋችሁ ጠበል ካላነሳችሁ ተመልካቹ አያምናችሁም። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ደርሶ የመጣ ሰው በየክፍሉ አለ። ከግሉኮሱ አጠገብ ጠበል የያዘ ሃይላንድ አስቀምጡ፣ ይበቃል። ካህኑን መቀለጃ አታድርጉ። ገጸ ባሕርያችሁም መድኃኒቱን ጥሎ የሚድንበት ታሪክ አትጻፉ። ይህን አይቶ መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ቀልድ አይደለም።

## ደረጃ 4፦ ቦታና ፈቃድ

እውነተኛ ሆስፒታል ውስጥ አትቅረጹ። ደጋግመው የሚወድቁበት ደረጃ ይህ ነው። በስልክ ደበቅ አድርገን እንቀርጻለን ብለው ይገባሉ። ከኋላ የታመመ ሰው ፊት ይገባል፣ ዘበኛ ይይዛቸዋል፣ ስልኩ ይቀራል። መያዙም ሲያንስ ነው። አልጋ ላይ ያለ ሰው የሳቅ መድረክ ሊሆን አይገባም።

የሚያስፈልጋችሁ ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ረጅም ኮሪደር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ክፍል። ትምህርት ቤት ቅዳሜና እሑድ፣ ያልተከራየ የሕንፃ ፎቅ፣ የቆየ የመሥሪያ ቤት ግቢ ይሆናል። ግድግዳው ከወገብ በታች በዘይት ቀለም የተቀባ ከሆነ ሥራው አልቋል። አረንጓዴ ወይም ውሃ ሰማያዊ ከሆነማ እልል በሉ።

1. ከቦታው ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ቀንና ሰዓት ይጻፍበት።
2. ቀበሌውና የአካባቢው ፖሊስ በደብዳቤ ይወቁ። ጋውን የለበሰና የተሸፈነ ሰው የተሸከመ ቡድን በጨለማ ሲታይ ሰው ይደነግጣል።
3. የደብዳቤው ኮፒ ከእያንዳንዱ ሰው ኪስ ይግባ።
4. የሰዓት ገደብ ካለ አትከራከሩ። ውስጥ ለውስጥ የሆነውን የሌሊት ትዕይንት ቀን ቅረጹ። መስኮቱን በጥቁር ላስቲክና በብርድ ልብስ ድፈኑት፣ ሌሊት ሆነ።
5. የሆስፒታሉን ስም ፍጠሩ። የእውነተኛ ተቋም ማኅተም፣ ሎጎ ወይም ታፔላ አይታይ።

ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር ላይ በጉም ልንቀርጽ ነው የሚል ሰው ይመጣል። ሁልጊዜ ይመጣል። ጉሙ ያምራል፣ እውነት ነው። ግን መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው ዋናው መንገድ ነው፣ ሲኖትራኩ ጉም ውስጥ እናንተን አያይም። አስፋልቱም እዚያ ያለው የመኪና ዋሻም ክልክል ይሁን።

## ደረጃ 5፦ ክፍሉን አልብሱ፣ እማማንም

1. አግዳሚውን ግድግዳው ሥር አድርጉ። የካርድ መስኮቱ ከአግዳሚው ይታይ።
2. መስኮቱ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለጥፉ፦ «ካርድ የጠፋበት አዲስ አይወጣለትም»። ከሥሩ ሌላ፦ «ካርድ የሌለው አይስተናገድም»። ማንም አያንብበው፣ ካሜራውም አይጠጋበት። ያየ ይስቃል።
3. ፋይሎቹን ከሳጥን ውስጥ ዘርግፉ፣ በሲባጎ እሰሩ፣ እስከ ጣሪያ ከምሩ።
4. መርፌ፣ ግሉኮስ መስመር፣ ጓንት ከቆሻሻ አታንሱ። ከፋርማሲ ያልተከፈተ ግዙ፣ የመርፌውን ሹል ክፍል ጭራሽ አታውጡ።
5. ደም አትጠቀሙ። ለዚህ ዓይነት ድራማ አይረዳም፣ የተከራያችሁትንም ግድግዳ ያበላሻል።

እማማን ነጭ አታልብሱ። ሜካፕም አትቀቡ። ባናውን ይልበሱ፣ ባዶ እግራቸውን ወይም በላስቲክ ጫማ ይሁኑ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ስንቅ ይያዙ። ጥቁሩ የበግ ፀጉር ጨለማ ላይ ሲገባ ገላቸው ይጠፋል፣ ፊትና እጅ ብቻ ይቀራል። ይህን በኮምፒውተር ለመሥራት የሚደክሙ አሉ።

## ደረጃ 6፦ ስልኩን አስተካክሉ

1. ሌንሱን ጥረጉ።
2. በሴኮንድ 25 ፍሬም አድርጉ። ሹተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ በሌላ ቁጥር ፍሎረሰንቱ ምስሉ ላይ ወራጅ ጥቁር መስመር ያመጣል። የስልካችሁ ካሜራ ካልፈቀደ እንደ ብላክማጂክ ካሜራ ያለ ነፃ መተግበሪያ ጫኑ።
3. ፊቱ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ትኩረቱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ካልቆለፋችሁ ስልኩ በየሴኮንዱ እየነጣና እየጠቆረ ፍርሃቱን ይገድለዋል።
4. ዲጂታል ዙም የለም። በእግራችሁ ተጠጉ።
5. ሕያዋንን በእጅ ይዛችሁ ቅረጹ። ዴንማርኮቹ የሠሩት እንደዚያ ነው፣ ቡናማ ያደላ ሻካራ ምስል፣ የሚንቀሳቀስ ካሜራ። እማማ ሲታዩ ግን ስልኩን ደገፋ ላይ አስቀምጡ፣ አይነቃነቅ። ልዩነቱን ተመልካች አያውቀውም፣ ሰውነቱ ግን ያውቀዋል።

## ደረጃ 7፦ የትንፋሽ ዘዴ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሲነጋጋ ውርጭ ይጥላል። ሌላ ቦታ ያለ ቀራጭ በገንዘብ የማያገኘውን ነገር እናንተ በነፃ አላችሁ፦ የሚናገር ሰው ሁሉ ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። ከእማማ አፍ ብቻ እንዳይወጣ አድርጉ።

1. ትዕይንቱን ክፍት በረንዳ ወይም መስኮቱ የተከፈተ ኮሪደር ላይ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ቅረጹ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቶሎ ይጠፋል።
2. ከተዋናዮቹ ኋላ፣ ከካሜራው ዕይታ ውጪ፣ አንድ መብራት አስቀምጡ። እንፋሎት የሚታየው ከኋላ ሲበራበትና መደቡ ጨለማ ሲሆን ነው።
3. ዘበኛው ከቀረጻው በፊት ትኩስ ሻይ ይጠጣ።
4. እማማን የምትጫወተው በረዶ ቁራጭ አፏ ውስጥ ትያዝ ወይም በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ትጎንጭ። አፏ ስለሚቀዘቅዝ ትንፋሿ አይታይም። በረዶውን አውጥታ ወዲያው ትናገር።
5. ዘዴው የሚቆየው ለአጭር ንግግር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ቅረጹ።
6. በየመሀሉ ተዋናይዋን አሙቋት። አረጋዊት ከሆነች ወይም አስም ካለባት ይህን ደረጃ ጭራሽ ተዉት፣ ወይም ወጣት አግኝታችሁ ባናውን አከናንቡ።

ማንም ስለ ትንፋሹ አይናገር። ዶክተሩ አንዴ የእማማን አፍ ይይ፣ ከዚያ የራሱን እንፋሎት ይይ፣ ከዚያ «ሲስተር፣ የሙቀት መለኪያ አምጪ» ይበል። እዚህ ላይ ቁረጡ።

ባትሪ፦ ስልክ በብርድ ቶሎ ይሞታል። እስኪያስፈልግ ድረስ ከጋቢው ሥር፣ ከሰውነት ጋር ይሁን።

## ደረጃ 8፦ ድምፅ

ምስል ቢሻክር ያልፋል፣ ድምፅ ካልተሰማ ሰው ይዘጋዋል። ማይኩን ልብሱ ሥር ደብቁ፣ ሌላኛው ስልክ ላይ ቅዱ፣ እያንዳንዱን ቀረጻ በጭብጨባ ጀምሩ (ምስሉንና ድምፁን በኋላ ለማገጣጠም)። በየክፍሉ ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ዝምታ ቅዱ፣ ንግግሮቹን ስታገናኙ ክፍተት መሙያ ይሆናችኋል። የፍሎረሰንቱን ሲርርር ለብቻው ውሰዱት። ከሙዚቃ ይልቅ እሱ ያስፈራል።

## ደረጃ 9፦ ቅንብር

1. መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ አገናኙ። ካፕከት የሚባለው የስልክ ማቀናበሪያ መተግበሪያ ይበቃል።
2. ከቀልዱ በኋላ ሁለት ሴኮንድ ዝምታ ተዉ። የሳቅ ድምፅ አትጨምሩ።
3. እማማ ከመታየታቸው በፊት «ድም!» የሚል ድምፅ ካለ አጥፉት። እዚያው ተቀምጠው ነበሩ፣ ተመልካቹ ራሱ ያግኛቸው።
4. ቀለሙን በትንሹ ወደ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ ውሰዱ። አንዱን ምረጡ።
5. መጀመሪያ ላይ ታሪኩ ፈጠራ እንደሆነ ጻፉ።
6. ከመልቀቃችሁ በፊት ሆስፒታል ለሚሠራ አንድ ሰው አሳዩ። የት እንደሳቀ ሳይሆን የት «እንዲህ አይደለም» እንዳለ ጻፉ።

## ነገሩ ሲበላሽ

መብራት ጠፋ። ደስ ይበላችሁ። ዘበኛው በእጅ ባትሪ አግዳሚውን አንድ በአንድ እያበራ «ማነው ያልተመዘገበ?» የሚልበትን ትዕይንት አሁን ቅረጹ። ይህን ትዕይንት አስቀድማችሁ ጻፉት፣ መብራቱ መጥፋቱ አይቀርም።

ተዋናዮቹ ሳቁ። ቁም አትበሉ። እስኪበቃቸው ድረስ ደጋግሙት። ሲሰለቻቸው ያለው ቀረጻ ነው የሚፈለገው፣ ዘበኛውም የሰለቸው ሰው ነው።

ውርጭ አልጣለም። የትንፋሹን ትዕይንት ለሌላ ንጋት አሳድሩት። የሲጋራ ጭስ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ አትሞክሩ፣ ጭሱ ትንፋሽ አይመስልም፣ ያሳምማልም።

ጎረቤት ተቆጣ። መቅረጽ አቁሙ፣ ደብዳቤውን አሳዩ፣ ቀረጻውን አሳዩት። ካልሆነ አስታማሚ አድርጋችሁ አስገቡት። ፍራሽ ላይ መተኛት የማይችል ሰው የለም።

እማማን የምትጫወተው ቀረች። ባናውን ሌላ ሰው ይልበስ፣ ከኋላና ከእግር ብቻ ቅረጹ። ድምፁን በኋላ ቤቷ ሄዳችሁ፣ ልብስ የተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቅዱ። ፊታቸውን ለሁለተኛው ክፍል አቆዩት።